የውስጠኛው ጎማ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ለባቲ ገበያ እህል የጫነበትን መኪና ደጃፌ አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ የጋለ ጎማ ሸተተኝ።

አባቴም እዚሁ ከሚሴ ሹፌር ነበር። አሥር ዓመቴ ሳለ፣ አንድ ሰኞ ማሽላ ጭኖ ወደ ባቲ ሊነሳ ሲል ሽማግሌው ጎሚስታ አባ ሰይድ አስቆሙት። የኋላው ጎማ ጥንድ ነው፤ የውጩ አዲስ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ውስጠኛው ሰደዱ። ሲያወጡት ጣታቸው ደምቷል። ጥርሱ ካለቀው ጎማ የወጣ ሽቦ ወግቷቸው ነው።

«ስማኝ ኢልመኮ፣ ልጄ» አሉት ደሙን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «ትራፊክ የሚያየው የውጩን ነው። ቁልቁለቱ ግን የውስጡንም ያውቀዋል።»

«ኢንሻአላህ፣ ከባቲ ስመለስ እቀይረዋለሁ» አለ አባቴ።

ያን ቀን በሰላም ተመለሰ። በአባ ሰይድ ስጋት ሳቀ እንጂ ጎማውን አልቀየረም። በሚቀጥለው ሰኞም እንደዚያው ጭኖ ሄደ፤ ከቁልቁለቱ ግን አልተመለሰም።

አሁን ጎንበስ ብዬ እጄን ከልጄ መኪና ጥንድ ጎማ መሀል ሰደድኩ። የውጩ አዲስ ነው። የውስጡ ግን ልሙጥ ነው፤ የሆነ ነገር ጣቴን ወጋኝ።

ልጄ አፉን እየጠረገ ወጣ።

«ተይው እማ፣ እጅሽ ይቆሽሻል» አለኝ። «ኢንሻአላህ፣ ከባቲ ስመለስ እቀይረዋለሁ።»