ሦስት ጉልቻ ከሺሺንዳ

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ካለባት ዕድሜዬ ይጠር! ልጅ ሳለሁ የቦንጋ ዝናብ እንደ ዛሬው ቀልደኛ አልነበረም፤ አንዴ ከጀመረ ዶሮዎቻችን ዋና ይለምዱ ነበር። ያኔ ሲመሻሽ፣ የበቆሎው እሸት ፍም ላይ እየተንጣጣ፣ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን እያጠቆረ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ከድስቱ ሥር ያሉትን ድንጋዮች በከዘራቸው እየነካኩ ጨዋታ ይጀምሩልናል። «ጉልቻ» ከምትባል አንዲት ቃል ብቻ ክረምቱን የሚያዘልቅ ተረት ያወጡ ነበር። ድስት ተሸካሚው ድንጋይ ጉልቻ ነው። ትዳር መያዝ ሦስት ጉልቻ መመሥረት ነው። ወንበሩ ላይ ሥር የሰደደ ሹም ተጎልቷል ይባላል፤ እኛም ሥራ ስንፈታ «ምን ይጎልታችኋል?» እየተባልን ነው ያደግነው። ባል ያላገኘች ሴት ደግሞ ተጎልታ ቀረች። እዚች ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሰፈሩ እንዲያ የሚላት አክስቴ እልፍነሽ እዚያው በቆሎ ትጠብስ ነበራ!

በዚያ ክረምት አሰፋ የሚባል የሺሺንዳ ሰው አክስቴን ሊጠይቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛን ከገበያ ነው የለቃቀማት። አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ለመሆኑ ሦስት ጉልቻ ለመመሥረት ተዘጋጅተሃል?» አለው።

«ምን ችግር አለው ጌታዬ! እኛ አገር ሞልቷል። ቅዳሜ አመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ ተረታቸውን ሳይጨርሱ አሰፋ በዝናብ በስብሶ፣ የጥጃ ራስ የሚያካክሉ ሦስት ድንጋዮች በጆንያ ተሸክሞ ገባ። አባቴ ቱግ አለ።

«ትቀልድብኛለህ? ይዘህልኝ ውጣ!»

አሰፋ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ጆንያውን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ። አክስቴ እጅ ላይ በቆሎው እያረረ ነው።

«ታደሰ፣» አሉት ጋሽ ወልዴ አባቴን፣ «ጠየቅኸው፣ አመጣልህ። ምን በደለ?»

ያኔ አክስቴ ብድግ አለች። ድንጋዮቹን ተቀብላ ደረደረቻቸው፤ ትልቁን ድስት አስቀምጣ ወዘወዘችው። ንቅንቅ አላለም።

«ልክ ናቸው፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

አባቴ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሳቅ ቀደመው። ሠርጉ ጥቅምት ላይ ሆነ።

ዛሬ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያበስሉ ሙሽሮች «ጉልቻ መሠረቱ» ሲባሉ ስሰማ፣ ቃሏን እንደ አሰፋ በጀርባው የተሸከማት ሰው አላየሁም እላለሁ። እርግጥ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬያለሁ፦ አሰፋ ይዞ የገባው ሁለት ድንጋይ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ጆንያውን ቀዶ መንገድ ቀርቷል። ሦስተኛውን፣ እያጉረመረመ በዚያ ዝናብ ወጥቶ ከጓሯችን ፈልጎ ያመጣው አባቴ ነው።