ያማሩባት ቀሚሶች

ንግሥቴ ሦስተኛ ልጇን በወለደች ዓመት ባሏ ፈንታው በእንግዶች ፊት፣ «እኔ እኮ ሴት ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የገብስ ጆንያ ኖሯል» ብሎ አሳቀባት። ፈንታው መካነ ሰላም ውስጥ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እሷ ልጆች ታሳድጋለች። እንግዶቹ ሲስቁ አብራ ሳቀች። እንደወጡ ግን በሩን ዘግታ መስታወት ፊት ቆመች።

አንገቷ አጭር ነው፣ ዳሌዋ ሰፍቷል፣ ሆዷም ከወሊድ አልተመለሰም። ልብስ ሰፊው ጀብሪል እውነቱን አልደበቃትም።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ኮሌታ ይቅርብዎ፤ አንገትዎን ይውጠዋል። ቀበቶውን ከፍ እናድርገው። ከታች ጠቆር ያለ ይሁን።»

እንዳለውም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልጆቿን አስተኝታ ስፌት መፍታት፣ ማጥበብ፣ መለካት ሆነ ሥራዋ። ዓመት ሳይሞላ ፈንታው ግብዣ ሲጠራ ይዟት መውጣት ጀመረ።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ ቀረ። ከአቅራቢያው ከማሻ በኩል ሰው ወደ ከተማው ጎረፈ። ከብቱ አልቆ ስለነበር የሚሸጥ የቀረው ልብስ ብቻ ነው። ንግሥቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ትመርጣለች፤ ጥልፉ ያማረውን ታነሳለች፣ ያደፈውን በእግሯ ገፋ ታደርጋለች። ዋጋው አንድ ጣሳ ገብስ ነው። «ባልገዛቸው ምን ሊበሉ ነው?» ትላለች። ከልቧም ታምንበታለች።

አንድ ቀን አልታየች የምትባል የገበሬ ሚስት መጣች። በእጇ ምንም አልያዘችም፤ የሠርጓን ቀሚስ ለብሳለች።

«እመቤቴ፣ ትንሽ እህል ለነፍስዎ።»

«ቀሚሱን ትሸጭዋለሽ?»

«ሌላ የለኝማ።»

«እስቲ አውልቂውና ልለካው።»

አልታየች ከበሩ ኋላ ሆና አወለቀች። ንግሥቴ ለብሳው በመስታወቱ ፊት ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ሴትዮዋ አጥንቷ የወጣ ደረቷን በክንዷ ሸፍና ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ንግሥቴ ጣሳውን ሳትሞላ ሰፈረችላት፤ የተቀደደ ነጠላም ጣል አደረገችላት።

እንዲያስተካክለው ብትወስድለት፣ ጀብሪል ወሬውን ሰምቶ ነበርና ወዲያው መለሰላት።

«ከሰው ገላ የተገፈፈ ነው፤ ወላሂ መቀሴን አላስነካውም።»

ራሷ ቆረጠችው፤ እጇ ያን ጊዜ ስፌት ለምዷል። በዚያው ሳምንት አልታየች ከገበያው ዳር በብርድ ደርቃ ተገኘች። ንግሥቴ ስትሰማ አልደነገጠችም አይባልም፤ ደንግጣለች። ጥምቀት ሲደርስ ግን ቀሚሱን ለበሰችው፤ አማረባት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ደስ አላት።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ፈንታውን «ፀረ አብዮተኛ» ብለው ወስደው ገደሉት። ሬሳውን እንኳ አልሰጧትም። የሴቶች ማኅበሯ በለጡ መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ነገ ሰልፍ አለ። ጥቁር እንዳትለብሺ፣ ለጠላት አይለቀስም ተብሏል። የሚያምርብሽን ለብሰሽ ውጪ።»

«በለጡ፣ ስለ እግዜር...»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ። ደግሞ ልጆች አሉሽ።»

ሲነጋ አንድ ቀይ ቀሚስ አወጣች። እጇ ልማዱን አልረሳም፤ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ አሰረ፣ ትከሻውን አስተካከለ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት አምራለች። ንግሥቴ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በመዳፏ አፍና አለቀሰች።

ሰልፉ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር አድማሴ በጣቱ ጠቆማት። «እዩዋት! የጠላት ሚስት እንኳ ደስ ብሏት ወጣች!» ተጨበጨበ። ንግሥቴ እንደ ሌላው ሰው ግራ እጇን ጨብጣ አነሳች።

እቤት ስትመለስ ትልቋ ልጇ እታገኘሁ፣ «አባዬ ሞቶ እንዴት እንዲህ ትቆነጃለሽ?» አለቻት።

ንግሥቴ በጥፊ መታቻት።

እታገኘሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማዬ» ብላ ጠርታት አታውቅም። ብዙም ሳትቆይ ኩታበር አክስቷ ዘንድ ሄደች። አድማሴ ደጎሎ ተዛወረ፣ ክልከላውም ላላ፤ ንግሥቴ ጥቁር ለበሰች። ሐዘኗን ግን ያመነላት አልነበረም። ልጇ ማግባቷን የሰማችው ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ ከኩታበር ከመጣ ነጋዴ ነው። ሙሽራዋ «እናቴ ሞታለች» ብላ እንደነበርም እሱው ነገራት።