ድንጋዩን ማን ፈጨው

ልጅ ሳለሁ፣ ሸኮ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ ሲመሽ ጎረቤታችን አባባ ማርቆስ ቤት ተረት ልሰማ እሄድ ነበር። ጎደሬ ረመጥ ውስጥ ይቀብሩና እስኪበስል ያወሩልኛል፤ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ከጭሱ የተነሳ ኩራዙ ፊታቸውን በግማሽ ብቻ ነበር የሚያሳየኝ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የድንጋዩን ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። «ድንጋይም ይሞታል። ፀሐይ ታሰፋዋለች፣ ብርድ ያኮማትረዋል፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ ከዝናቡ ኋላ የዛፍ ሥር። ጠጠር ይሆናል፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ዱቄት። ዱቄቱን ጎርፍ ተሸክሞት ይሄድና ሲደክመው ሜዳ ላይ ያራግፈዋል። ደለል እሱ ነው።»

አባቴ ይህን ተረት አይወድም ነበር። በእኛና በአባባ ማርቆስ ቡና መካከል የቆመው የወሰን ድንጋይ በየዓመቱ ጎኑ እየተቀረፈ ሄዷል። ከጠፋ ወሰኑ የት እንደነበር የሚመሰክር የለም። «ሽማግሌው ዝናብ በላው እያለ የሚያስጠናህ፣ የራሱ መዶሻ እንዳይጠረጠር ነው» ይለኝ ነበር።

ያኔ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ድንጋዩን በገመድ እለካዋለሁ። ለውጥ አጣሁ፤ ግን ገመዱ ሲረጥብ ስለሚረዝም ልኬቱንም አላመንኩትም። በመጨረሻ የላላውን ጎኑን በምስማር ፋቅኩና ብናኙን ውሃ በሞላ ብርጭቆ በጠበጥኩት። አሸዋው ወዲያው ወረደ። ውሃው ግን ደፍርሶ ቆየ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአሸዋው ላይ ስስ ደለል ተኝቶ አገኘሁ። በጣቶቼ መካከል እንደ በቆሎ ዱቄት ለሰለሰኝ። ተረቱ እውነት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አባቴ ግን አዲሱን ጭረት አየና ሽማግሌዎች ጠራ። በእኛ ሰፈር በወሰን የተከሰሰ ሰው እጁን ድንጋዩ ላይ ጭኖ ነው የሚምለው። አባባ ማርቆስ እጃቸውን ጫኑ። «ከእናንተ ይልቅ ይሄ ያውቀኛል» አሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ሳቁ።

ተነሳሁ። «የፋቅኩት እኔ ነኝ። ደለል መሆኑን ለማየት ብዬ ነው።»

«ድንጋይ የሚበጠብጥ ልጅ ነው እንዴ የወለድከው?» አሉት የሳቁት ሽማግሌ አባቴን።

አባቴ አልሳቀም። «ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ ጠይቁልኝ።»

ጠየቁኝ። «አባባ ማርቆስ ቤት» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሽማግሌዎቹ «ያስፋቁት እሳቸው ቢሆኑስ?» በሚል ዓይን እርስ በርስ ተያዩ። መሐላው ይቅር፣ አዲስ ድንጋይ ይተከል አሉ። አባባ ማርቆስ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ፤ ሳይምሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግን «ቤት ና» ብለውኝ አያውቁም።

ዛሬ ሚዛን ከተማ ስለ አፈር እማራለሁ። ድንጋይ እንዴት ደለል እንደሚሆን አባባ ማርቆስ የነገሩኝ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። ሆኖም የልጅነት ሙከራዬን መልሼ ስመረምረው የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ድንጋይ መፈጨት ይችላል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማን ሲፈጨው እንደኖረ ግን አያሳይም። ያን ቀን ልመሰክርላቸው የተነሳሁት ስለማውቅ ሳይሆን ስለምወዳቸው ነበር። ዝናቡ ነው ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ዝናቡ ሳይሆን አይቀርም። ግን እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፣ «ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አልፌ አላውቅም።