ለጀማል ያላነበብኩለት አንቀጽ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ለሥራዋ ውድ ካሜራ ገዛች። ከካሜራው ጋር የዋስትና ደብተርና የኢንሹራንስ ውል መጣ፤ ሁለቱ ተደምረው ከካሜራው ይከብዳሉ። «አጎቴ፣ አንተ አንባቢ ነህ፤ እስቲ እየው» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አንባቢ መሆኔን ሰው ሁሉ ያውቃል። በአንባቢነቴ የከሰረውን ሰው የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ጀማል አብሮ አደጌ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሦስት ዓመት ጭነት ተሸክሞ ባጠራቀመው ገንዘብ የቪዲዮ ካሜራ ገዝቶ መጣ፤ ቀረጡን ከፍሎ፣ በደረሰኝ። በዚያን ጊዜ ኮንትሮባንድ በሞላባት ድሬዳዋ ሰው ካሜራውን አይቶ ያደንቅና ደረሰኙን ሲያይ ይስቅ ነበር። የጀማል ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርግ ይቀርጻል፣ ከዚያ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የራሱን ስቱዲዮ ይከፍታል፣ ተሸክሞ መብላት ይቀራል።

ኢንሹራንስ እንዲገባ የመከርኩት እኔ ነኝ። ዕድርን እንደ ኋላ ቀር ነገር የምቆጥር፣ ያነበብኩት ሁሉ ገና ያልተፈጨልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ጀማል አማርኛን ከሶማሊኛና ከኦሮምኛ ጋር እየቀላቀለ ሲያወራ ሰፈሩን ያስቃል፤ የቢሮ አማርኛ ማንበብ ግን ያስቸግረዋል። ስለዚህ ውሉን አንድ ፉል ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን አነበብኩለት። ግንቦት ነበር፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል፤ ወረቀቱ ከጣቴ ላብ የተነሳ ረጠበ። ሁለት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ሰለቸኝ።

«የቀረው የተለመደው ነው» አልኩት። ፈረመ።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ለገሀሬ ሰፈር ሠርግ ሊቀርጽ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። የሶላት ሰዓት ደረሰና ካሜራውን ሰጠኝ።

«አንቺ፣ አሥር ደቂቃ። ያዢልኝ ብቻ። ምንም እንዳትነኪ!»

በእኛ ከተማ ወንድ ጓደኛን «አንቺ» ማለት የቅርበት ነው። ሙሽሮቹ ጀማል ሳይመለስ ደረሱ። ከላይ ወደ ታች ቢቀረጽ ያምራል ብዬ ተደራርበው በቆሙት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ወጣሁ። አብረን ወደቅን፤ የተሰበረው ካሜራው ነው። ጀማል ሲመለስ ስብርባሪውን እየለቀምኩ ነበር። አጠገቤ ተንበርክኮ አብሮኝ ለቀመ። ሰው ይጨፍር ነበር።

በማግስቱ የዋስትናውን ካርድ ከሣጥኑ አወጣን። ካሜራው ካልወደቀ፣ ካልረጠበ፣ ሙቀትና አቧራ ካልነካው፣ ማለትም ድሬዳዋ ካልገባ፣ ዋስትናው የጸና ነው። የቀረው ኢንሹራንሱ ብቻ ሆነ። ቅጹ «አደጋው እንዴት እንደደረሰ ያብራሩ» ይልና ስድስት መስመር ይተዋል።

«አቦ፣ አታስረዝሚው» አለኝ ጀማል። «ወደቀ፣ ተሰበረ፣ በቃ።»

«አብራሩ ነው የሚለው።»

«አንቺ ማብራራት ከጀመርሽማ አለቀልን፣ ወላሂ!»

እየሳቀ ነበር። ቅጹን ቤት ወስጄ ስሞላ ስድስቱ መስመር አልበቃኝም፤ ተጨማሪ ወረቀት አያያዝኩ። ወንበሮቹን ጻፍኩ። ጀማል በቦታው እንዳልነበረ፣ እንዳልነካ ማስጠንቀቁን፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ መሆኑን ጻፍኩ። ደግሜ ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያስለቀሰኝ የካሜራው ነገር ሳይሆን አጻጻፌ ነው። ጀማልን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ይቅርታ ያላልኩ ሰው ለማላውቀው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ተናዘዝኩ።

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ። ጀማል ፖስታውን ሳይከፍት ይዞልኝ መጣ፤ ለደስታው ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳም ገዝቷል። እየበላሁ አነበብኩት። የደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ ግልጽ ነበር፦ ከተያያዘው ማብራሪያ እንደተረዳነው ጉዳቱ የደረሰው ንብረቱ ከመድን ገቢው ውጭ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ስለሆነ ካሳ አይከፈልም። ይህ በውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል። ሰልችቶኝ የዘለልኩት ገጽ ነው።

«ምን አሉ?»

«አንከፍልም ይላሉ።»

«ለምን?»

የያዝኩትን ሳምቡሳ ጋዜጣው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። «ምክንያት አልጻፉም» አልኩት። «እንዲህ ናቸው እነዚህ።»

«ሌቦች!» አለ።

ደብዳቤውን እኔ ጋ ይቀመጥ ብዬ አጠፍኩት። ጀማል ወደ ወደቡ ተመለሰ፤ ጀርባው እስኪጎዳ ተሸከመ። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ጥበቃ ነው። እኔ ጸሐፊ ወጣኝ። ኢንሹራንስን የሚሸነቁጡ መጣጥፎቼን አንባቢ ይወድልኛል፤ በደቃቅ ፊደል ስለሚደበቁ አንቀጾች የጻፍኩት ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። ደቃቅ ፊደልን የምጠላበትን ምክንያት ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩም።

ባለፈው አርብ በፓርኩ በር ሳልፍ ጀማል ጠራኝ። ለባልደረቦቹ ያንኑ ታሪክ እያወራ ነበር።

«ይኸው ምስክሬ! ደብዳቤውን ያነበበልኝ እሱ ነው። ሌቦቹ ምክንያት እንኳ አልሰጡኝም። አይደለም እንዴ፣ አንቺ?»

«ምንም አልሰጡም» አልኩ። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡልን፤ ለእሱም ለእኔም።

ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል እላለሁ ለራሴ። ይህም የራሴ አንቀጽ ነው፤ ጥሩ አንቀጽ። የትኛውም የኢንሹራንስ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ማምለጫ ጽፎ አያውቅም።