በቀትር «እመት» ያለው

የቆቦ መናኸሪያ በገበያ ቀን ራሱን አያውቅም። ሙንተሲር ከስልክ መጠገኛው ደጃፍ ቆሞ ሻዩን ሲጠጣ፣ ውሃ ልትገዛ ከሚኒባስ የወረደች አንዲት ነፍሰ ጡር መኪናው ጥሏት ሲሄድ አየ። ዕቃዋም ከመኪናው ጋር ሄደ። ሴትዮዋ አፏን ይዛ ቀረች። መኪናው ወደ ጎብዬ አቅጣጫ ርቆ የኋላ መስታወቱ ብቻ ብልጭ ይል ነበር።

ከጥጉ ሽንኩርት የምትሸጥ ቀጭን ሴት ብድግ አለች። መዳፏን ጆሮዋ ላይ ጣል አድርጋ «ሹፌር! ቁም!» አለች። መኪናው ቆመ። በዚያ ያሉ ባጃጆችም ሳይጠሩ ቆሙ። ሽንኩርት ሻጯ ነፍሰ ጡሯን ደግፋ ከመኪናው አደረሰቻትና ምርቃቱን እንኳ ሰምታ ሳትጨርስ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

የሻረግ ትባላለች። ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ወደ ዞብል ተራራ በሚዘረጋበት በኩል ትኖራለች። ማሽላ በጎመራ ቁጥር ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ሌላው ወንጭፍና ጅራፍ ሲይዝ እሷ ጉሮሮዋን ይዛ ትወጣለች። ሰው ሲሞት ለማዶው መንደር መርዶ የምትጣራም እሷ ነበረች። ባሏን የቀበረችው ገና በወጣትነቷ ሲሆን፣ አንድ ልጇ አንዷለም ከጦርነቱ በፊት ከጓደኞቹ ጋር ዞብልን ተሻግሮ፣ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ። «እመት፣ ነገ ወደ ሳውዲ እንሻገራለን» ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ተዝካሩን አውጪ ያሏት ነበሩ። እሷ ግን አላወጣችም። ያልሞተ ሰው ተዝካር እንዴት ይወጣል?

ሙንተሲር ሻዩን ትቶ መጣ።

«ማዘር፣ ይሄ ድምፅ እኮ የዓለም ክብረ ወሰን ይሰብራል!»

«የማንንም ዕቃ አልሰብርም። ሽንኩርት ትገዛለህ አትገዛም?»

«የሰው ድምፅ ከሁሉ ርቆ የተሰማበትን የሚመዘግቡ አሉ። ቀርጸን እናመለክታለን። ስምሽ በዓለም ይሰማል።»

የሻረግ ሽንኩርቱን መደርደር አቆመች። «ክብሩ ይቅርብኝ ልጄ። ድምፄ ግን ወሰኑን ይሻገራል? ሳውዲም ይሰማል?»

«ስልክ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።»

«እንግዲያው የማንን ስም እንደምጣራ አውቃለሁ» አለች።

ደንቡን ሙንተሲር ከስልኩ አነበበላት። እሷ ከአንድ ጫፍ ትጣራለች፣ ከሌላው ጫፍ ምስክር ይቆማል። ምስክሩ እንደሰማ ነጭ ጨርቅ ያነሣል። ድምፁ በሁለቱም ጫፍ ይቀረጻል፤ ሳይቆረጥ ሳይቀጠልም ይላካል። ነፋስና ወፍ እንዳይረብሽ ብሎ ሙንተሲር ቀትርን መረጠ። ምስክር እንዲሆን የተለመነው የእርሻ ጎረቤቷ ረመዳን ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«አንተ ደሴ ነው ያደግኸው። እዚህ በቀትር ሰው በስሙ አይጠራም።»

«ምነው ጋሽ ረመዳን፣ ጂኒውም አብሮ ይመዝገብ!»

«አዑዙ ቢላህ በል፣ አንተ ባለጌ!»

ረመዳን ቢቆጣም ለየሻረግ ሲል እሺ አለ። ስልኩን ይዞ ከእርሻው ዳር፣ በዞብል በኩል ካለችው ግራር ሥር ቆመ። ከዚያ ወዲያ አሸዋና እነ አንዷለም የሄዱበት መንገድ ብቻ ነው ያለው።

የሻረግ ማማዋ ላይ ወጣች። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። የማሽላው ቅጠል ቀጥ ብሏል። አማተበችና «አንዷለም!» ብላ ተጣራች። ጨርቁ አልተነሣም። ደገመች፤ አሁንም ምንም የለም። ሦስተኛውን ስትጣራ የረመዳን ነጭ ሻሽ ከሩቅ ብቅ አለ። ብቅ እንዳለ ግን ሳይወርድ ቀረ።

የሻረግና ሙንተሲር በባጃጅ ሲደርሱ ረመዳን እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ደርቆ ቆሞ ነበር።

«በመጀመሪያው አልሰማኸኝም?» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላነሣህም!» አለ ሙንተሲር። «ክብረ ወሰኑን በላኸው እኮ!»

«በቀትር ለሚጣራ እስከ ሦስተኛው መልስ አይሰጥም። ሦስት ጊዜ የሚጣራ ሰው ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።» ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «የእኔ መዘግየት ምን አለው። ሌላው አልዘገየም።»

ሙንተሲር ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገ። የሻረግ ፈገግታው ሲደርቅ አየች።

«ምን ይላል?»

«አንቺ ‹አንዷለም› ትያለሽ። ወዲያው ... እዚሁ፣ ከስልኩ አጠገብ ... ‹እመት› ይላል።»

«ማን?»

ሙንተሲር አንዷለምን አያውቀውም። ለረመዳን ግን በእጁ ያደገ ልጅ ነው። ወደ ረመዳን ዞረች።

«ወላሂ እኔ አፌን አልከፈትሁም» አለ። «ነፋስ ነው።» ይህን ሲል ዐይኗን አላየም። በዚያ ቀትር ደግሞ ገለባ የሚያነሣ ነፋስ አልነበረም።

ሙንተሲር ስልኩን ሲዘረጋላት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በግራሯ በኩል ያለውን ማሽላ ወፍ አይነካውም። ማማው ባዶ ነው፤ ጅራፍም አይጮኽም። ረመዳን ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ያንን ጥግ ሳያጭድ ትቶታል። ሙንተሲር እየመጣ ይጠይቃታል። «እንዳለ እንላከው፤ ካልሆነ እንደገና እንቅረጽ።» ሁለቱንም አልፈቀደችም። በቀትር በመጀመሪያው ጥሪ የሚመልስ የቁም ሰው አይደለም ይባላል። ድምፁ የልጇ ከሆነ፣ ልጇ ባሕሩን አልተሻገረም ማለት ነው። የእሱ ካልሆነ ግን፣ ተመስገን፣ አንዷለም ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ከሙንተሲር ተቀብላ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ይህን ወደሚጽፈው ሰው ቤት መጣች። አንዷለምን ክርስትና ያነሣው፣ ዳዊትም ያስቆጠረው እሱ ነው። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አኖረችለትና በሩ አጠገብ ቆመች።

«አበልጄ፣ ድምፁን ያውቁታል። እኔ ውጭ ልውጣና እርስዎ ያዳምጡልኝ። ከዚያ ይጥሩኝና አይደለም ይበሉኝ። እሱም ቢሆን፣ አይደለም ይበሉኝ። እርስዎ ዋሽተው አያውቁም፤ ካሉኝ አምናለሁ።»