ባለቤቴ የሚቀመጥበት ጉድጓድ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ዘመቻ ከሄደ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ልጃችን አበራ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ግን ሐምሌ ሲገባና ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ያ ቀን ይመጣብኛል። ለሰው ብዙ አውርቼው አላውቅም። ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ ጎርፍ ገባ፣ ጉድጓድ ደፈንን፣ በቃ።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ከቁስቋም በታች ያለው ዳገት ላይ ነው። ያኔ ሰፈሩ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። ከጀርባችን ባሕር ዛፍ፣ ከደጃችን ጎመንና ጥቂት ድንች፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃ። እኛ ከጋሞ የመጣን ሸማኔዎች ነን። የሸማኔ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ሸማኔው መሬት ላይ ቁጭ ይልና እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው። እኛም ባለችን አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ነበረን። ባለቤቴ ዳና ራሱ ነው የቆፈረው። ስንጋባ መጀመሪያ የሠራው እሱን ነው፤ አልጋ እንኳ የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዳናን ለስብሰባ ብለው ቀበሌ ጠሩት። ጋቢ ጀምሮ ነበር፤ "ስመለስ እጨርሰዋለሁ" ብሎኝ ወጣ። በዚያው በመኪና ጭነው ወሰዱት። አበራ ያኔ ክርስትና እንኳ አልተነሳም። ቆይቶ አንድ የሰፈራችን ልጅ "ሰሜን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው" አለን። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ለሌሎች ሸማኔዎች እሸጣለሁ፤ ኑሮዬ እሱ ነበር። ጉድጓዱን በሳንቃ ከድኜ ድንጋይ ጫንኩበት እንጂ ሌላውን ምኑንም አልነካሁም። የተጀመረው ጋቢም እንደተወጠረ ነው። አበራ አፉን ሲፈታ "አባ የታለ?" ስለው በጣቱ ወደ ሳንቃው ያሳያል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አባቱ ሌላ ነገር አልተወለትም፤ ምን ላሳየው?

ሕፃን ይዞ ክረምትን ማለፍ እንዴት እንደሆነ እናት ታውቀዋለች። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ጭሱ እንጂ እሳቱ አይታይም። የአበራ ሱሪ ታጥቦ አይደርቅም፤ እርጥቡን እንዳላለብሰው እሳቱ ላይ ይዤው እቆማለሁ። አፍንጫው ይፈሳል፣ ሳሉ አይለቀውም። መሬት ካስቀመጥኩት ጭቃ ይበላል፣ ካዘልኩት ፀጉሬን ይነጫል፣ አጠገቤ ካደረግኩት እንዝርቴን ይቀማል። ጠዋት ስንነሳ ሁለታችንም ርሰናል። ያም ሆኖ የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ቀትር ላይ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ቦይ ሞልቶ ወደ ግድግዳው መምጣት ጀመረ። አበራን አልጋ ላይ አስቀምጬ ቂጣ አስያዝኩትና ዶማ ይዤ ወጣሁ። ቦዩን ለመክፈት ስታገል ከላይ የመጣው ጎርፍ ቀደመኝ። የጭቃውን ግድግዳ ከሥሩ ቦርቡሮ ወደ ቤት ገባ።

ዞሬ በበሩ ስገባ ቤቱ በሙሉ ቡናማ ውሃ ነው። ሳንቃው ድንጋዩን ጥሎ በሩ አጠገብ ይንሳፈፋል። አልጋው ላይ የተነከሰ ቂጣ አለ፣ አበራ የለም።

ወለሉ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም። ሁሉም አንድ ውሃ ነው። እኔ ግን ቦታውን አላጣሁትም። ዘልዬ ገባሁና በእጄ ስዳብስ ሸሚዙን ያዝኩ። ሳወጣው ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አንገቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደ ኋላ ወደቀ። ያን ጊዜ የጮህኩትን ጩኸት እኔ አልሰማሁትም፤ ሰዎች ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

ጣራችን ሥር አንዲት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ተጠልላ ኖሯል። እንጨቷን ጥላ ገባች። ምንም ሳትጠይቀኝ ልጁን ከእጄ ነጠቀችኝና በእግሩ ዘቅዝቃ ጀርባውን ትመታው ጀመር። ውሃ ወጣ፣ ጭቃ ወጣ፣ ቂጣም ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ለቅሶ አለቀሰ። ሴትየዋ ልብሱን አውልቃ ጣለችና ደረቷን ከፍታ እዚያ ለጠፈችው፤ በላዩ ላይ ልብሷን ደርባ አቀፈችው። እኔ ቆሜ አያታለሁ።

ልጁ መሞቅ ሲጀምር "ይሄን ጉድጓድ ለምን አትደፍኚውም? ልጅሽን ሊበላልሽ ነው" አለችኝ።

"የባለቤቴ መሥሪያ ነው" አልኳት።

"የት ሄዶ ነው?"

"ዘመቻ።"

የተወጠረውን ጋቢ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ ይመጣል" ይለኝ ነበር። እሷ አላለችኝም። ልጄን መለሰችልኝ፣ እንጨቷን በጀርባዋ አስተካከለችና በዝናቡ ውስጥ ወረደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ልጄን አትርፋልኝ ሄደች፤ እኔ ግን እንዲያ አድርጋ ስላየችኝ ተቀይሜያታለሁ።

አበራ ትኩሳት ይዞት ሰነበተና ተሻለው። እሱ በተሻለው ሰሞን፣ ውሃውን በባልዲ ቀድተን ስንጨርስ ጎረቤታችን ጋሽ ባሳ ሁለት ጎልማሶች አስከትለው፣ አፈር የሞላ ባሬላ አስይዘው መጡ። ጋሽ ባሳ ሽማግሌ ሸማኔ ናቸው፤ ዳናን ሥራ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

"እንድፈነው ልጄ" አሉኝ። "ዳና ሲመጣ እኔው ራሴ ቆፍሬ እሰጠዋለሁ።"

"አይደፈንም" አልኳቸው።

"ክረምቱ ገና ነው። ነገም ይገባል።"

"ይግባ። አይደፈንም ብያለሁ ጋሽ ባሳ።"

እሳቸውን እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ሰዎቹ ባሬላውን ሊገለብጡ ሲጠጉ ሄጄ ዳና የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ጭቃው ውስጥ ሰደድኩና "መጀመሪያ እኔን ድፈኑኝ" አልኩ። ማንም አልነካኝም። ጎረቤቶች በር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። ቢደፈን የሚመጣበት ቦታ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ሰው ቦታው ከተዘጋ ወዴት ይመለሳል? ሞኝነት ነው በሉኝ፤ ያኔ ግን ከዚያ ጉድጓድ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

አበራን ይዛልኝ የነበረችው የጎረቤት ልጅ ለቀቀችው መሰለኝ፣ እየተንገዳገደ መጣ። ጠርዙ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። "አባ" አለና፣ እኔ እንደተቀመጥኩት ሊቀመጥ አንዱን እግሩን አወረደ።

ያዝኩትና ተነሳሁ። ልጁን ለጎረቤቴ ሰጠሁና አካፋውን ከጋሽ ባሳ እጅ ተቀብዬ የመጀመሪያውን አፈር እኔው ጣልኩበት።

ሁሉም ያግዙኝ ጀመር። ወንዶቹ በባሬላ፣ ሴቶቹ በቅርጫት አፈር ያመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ወሬ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጭቃው። አፈሩ ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ ዱብ እያለ ሲወድቅ ግን ወሬው እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ የሚሰማው እሱ ብቻ ሆነ። ያንን ድምፅ የት እንደምንሰማው ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ አንዷ ጎረቤቴ፣ እሷም ወንድሟ ዘምቶ የቀረባት ናት፣ እዬዬ ብላ አለቀሰች።

"ዝም በይ" አሏት ጋሽ ባሳ። "ማን ሞተና ነው? መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም።"

እሷ ግን ማቆም አልቻለችም። ሌላዋ ተከተለቻት፣ ሌላዋም። ጋሽ ባሳ ደግመው ሊቆጡ ብለው ተዉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባሌን እየቀበርኩ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሬሳ የለም፣ ቄስ የለም፣ ሞተ ያለኝ ሰውም የለም። ነጠላዬን አገለደምኩና አለቀስኩ።

ወደ ማምሻው ላይ ከጎረቤት ንፍሮ መጣ። ማን እንደቀቀለው፣ ማን አምጡ እንዳለ አላውቅም። ያመጣችውም ቀና ብላ አላየችኝም። አንድ እፍኝ ዘግኜ በላሁ፤ የለቅሶ ቤት ንፍሮ መሆኑን እያወቅሁ በላሁት።

ዓመታት አለፉ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩም በጭነት መኪናም እየተግተለተለ ከተማ ገባ። እኔም እንደ ሌሎቹ ሴቶች አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ቆሜ የሰው ፊት እያየሁ ሰነበትኩ። ከናፍቆቱ እኩል ፍርሃት ነበረብኝ። ቤት ገብቶ ቦታውን ደልዳላ ሆኖ ሲያገኘው ምን እለዋለሁ? "ሳልሞት ቀበርሽኝ" ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? መልሱን መንገድ ዳር ቆሜ አጥንቼው ነበር። ልጁን አስቀድማለሁ፤ "ይሄ እንዲተርፍ ነው" እለዋለሁ እያልኩ።

ዳና አልመጣም። መርዶውም እስከ ዛሬ አልመጣም። ጋሽ ባሳም አርፈዋል። አበራ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ጎርፉንም ጉድጓዱንም አያስታውሰውም፣ እኔም አላስታውሰውም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ደፈንሽው ብሎ የሚወቅሰኝ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ደግ አደረግሽ ይለኛል። እኔ ግን የምፈልገው እሱን አይደለም። ምነው እሱ ራሱ በዚያ በር ገብቶ "ለምን ደፈንሽው?" ብሎ በተቆጣኝ።