ጢማሙ ሽማግሌ በቡና ጆንያ ላይ

ልጅ የሌላ ሰው ሥዕል ከኮረጀ የራሱ ፈጠራ ይሞታል ይባላል። ውሸት ነው። እኔ ማየትን የተማርኩት በመኮረጅ ነው፤ ያውም በደርግ ዘመን፣ ጅማ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሚውልበት የቀበሌ አዳራሽ።

ቀበሌው የክረምት ትምህርት የከፈተው ለሥነ ጥበብ ተጨንቆ አልነበረም። በየቢሮው የተሰቀሉት ሦስት ባለጢም የሶሻሊዝም አባቶች ለአብዮት በዓል በትልቁ እንዲሳሉ ፈልጎ ነው፤ የልጆች ጉልበት ደግሞ በነፃ ይገኛል። የሥዕል መምህራችን ከአሰንዳቦ ተዛውረው የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ትእዛዙን «እሺ» ብለው ተቀበሉና ሌላ ሥራ ጀመሩ።

ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆኑ አንድ መጽሐፍ ነበራቸው። ሰኞ አንድ ታላቅ ሰዓሊ ያስተዋውቁናል፤ እስከ ዓርብ እሱን ስንኮርጅ እንሰነብታለን። የቡና ጆንያ ላይ ኖራ እንቀባለን፣ በከሰል እንነድፋለን፣ የቡና አተላ አጥልለን እናቀልማለን። የሆላንዳዊውን ሰዓሊ የሱፍ አበባ ሳይቀር ቡናማ አድርገን ነው የሳልነው። ከዓመታት በኋላ ዋናውን ቢጫ ሳይ፣ የተሳሳተው ሰዓሊው መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ተራው የአንድ ጥንታዊ ጣሊያናዊ ሆነ፤ በስተርጅናው የራሱን ፊት የነደፈ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የተዘረገፈ ሽማግሌ። ጢማም ጆንያዎቻችንን ግድግዳው ላይ ደርድረን ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይታሰብ ገቡ። ከታዘዘው ሥዕል አንዱም አልተጀመረም። በዚያን ጊዜ ለመታሰር ከዚህ ያነሰም ይበቃ ነበር። መምህራችን አተላ የነካ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

ሊቀመንበሩ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አይተው ፈገግ አሉ።

«ጎበዞች! ጢሙን አሳምራችሁታል። ይሄኛው ከሦስቱ የትኛው ነው?»

የጠየቁት እኔን ነው። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ «ማሎ፣ ማሎ ዝም በል» እያለች በልመና ቆነጠጠችኝ። መምህራችን ግን እንዳንዋሽ ነበር የሚመክሩን።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማሽን ይነድፍ ነበር። የሚበር ማሽን ሁሉ አስቧል።»

«ማሽን! የሠራተኛው ወገን ነዋ!» አሉና ወደ መምህራችን ዞሩ። «ጓዲት፣ በርቺ። ሌሎቹ ሁለቱ ግን እንዳይቀየሙ።»

ሲወጡ መምህራችን ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ከዚያ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ልታሳስረኝ ነበር።»

«ቲቸር፣ አልዋሸሁም እኮ።»

«እሱማ አልዋሸህም። ና ጢሙን ጨርስ፣ በግራ በኩል ሳስቷል።»

በበዓሉ ቀን ያ ሽማግሌ በሁለት ዘንግ ተወጥሮ፣ ከዚያ በኋላ ከሳልናቸው የሶሻሊዝም አባቶች ጎን፣ በጅማ ዋና መንገድ ተሰለፈ። አንዱ ጆንያ በአቅራቢያው ላለችው ለሸቤ ከተማም ተላከ። መምህራችንን በሚቀጥለው ክረምትም አዳራሹን የከለከላቸው አልነበረም፤ ሌሎች ስድስት ሰዓሊዎች ኮረጅን።

ሰዓሊ አልሆንኩም። ግን እስከ ዛሬ የሰው ፊት ሳይ፣ ጥላው የት እንደሚያርፍ ቀድሞ የሚታየኝ በእሳቸው ምክንያት ነው። ሊቀመንበሩንም አመሰግናለሁ ስል ሰው ይቆጣል፤ ይቆጣ። ትንሽ አንብበው ቢሆን ኖሮ መምህሬም እኔም ያን ክረምት ባልጨረስነው።

እርስዎም መደርደሪያዎ ላይ አቧራ የለበሰ የሥዕል መጽሐፍ ካለዎት፣ ዛሬውኑ አውርደው ለሰፈርዎ ልጆች ይስጡ። ይቀዳድዱታል። ይቀዳድዱት።